ድምጿ ከመግባቱ በፊት

ጋሽ ሸክላ እሑድ ከሰዓት በኋላ በገዛ የሙዚቃ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከመደርደሪያው የብረት እግር ሥር አርፏል፤ አጠገቡ ከላይኛው መደርደሪያ የዘፈን ሸክላ የሚያወርድባት አጭር መሰላል ወድቃለች። ዕድሜ ልኩን ሸክላ ሲለቅም የኖረ ሰው በሸክላ መሐል ሞተ ቢባል ማንም ባልደነቀው ነበር፤ ከመሰላል ወደቀ ተብሎ፣ ተለቅሶ ይቀበራል። ችግሩ ሬሳው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከበሩ ጎን አንዲት ልብስ ሰፊ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከመጋረጃ ቅዳጅ የተሰፋ የሸክላ ሽፋን ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች፤ ውስጡ መኖር የነበረበት ሸክላ ግን የለም።

እንዲህ ያገኘቻቸው የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ከመድኃኒት ቤት ተመልሳ ደረጃውን ስትወጣ ወንድሟን ወድቆ፣ ሴትየዋን ተቀምጣ አየች። ጮኸች፣ ጎረቤት ተጠራራ፣ ፖሊስ መጣ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ቃል ሁሉ በእሷ ተነፍቶ ነው የሚያልፈው ለማለት። ስለ ሙዚቃ የምታውቀው ነገር ቢኖር ሰው ሲያጨበጭብ ማጨብጨብ ነው፤ እሱንም ዘግይታ። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ዙሪያውን አየች። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። መስኮቱ ሥር ማጫወቻው አለ፤ ጠፍቷል፤ አንድ የቆየ ሸክላ ተቀምጦበታል፤ መርፌውም ከሸክላው ላይ አልተነሣም።

ምክትሏ ግን ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። ሴትየዋ ትናንት እዚሁ ደረጃ ላይ ስታለቅስና ስትለምን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል፤ ዛሬ ደግሞ ከሬሳው አጠገብ ተገኘች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ትቀርባለች አለ። መርማሪዋ ሰምታው ስታበቃ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እናቴ፣ ሸክላው የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ። ስመጣ ሽፋኑ ብቻ ወለሉ ላይ ወድቋል።»

«የማን ሸክላ ነበር?»

«የልጄ» አለች። «የዘፈነችው ልጄ ናት። እኔ ግን ሰምቻት አላውቅም። ዓለም ይስማት አይስማት ግድ የለኝም፤ እኔ እናቷ አልሰማኋትም።»

ታሪኩ እያደር ሳይሆን እዚያው ወለል ላይ፣ በሳግ እየተቆራረጠ ወጣ። ልጅቷ በሕይወት ሳለች እናቷን አራት ማዕዘን የጨርቅ ከረጢቶች አሰፋቻት፤ ለመጻሕፍት ነው ብላ። ለካስ ከጓደኞቿም ተደብቃ ጥቂት ሸክላ አሳትማ ኖሯል፤ ከረጢቶቹም ሽፋኖቹ ነበሩ። እናቷን ድንገት ልታስደስት አስባ ነበር። ሸክላው ሳይታደል ታመመች፤ ብዙም አልቆየች። በዚያው ክረምት ሸክላዎቹ የተቀመጡበት መጋዘን ጎርፍ ገባውና ሁሉም ተበላሹ ተባለ። እናት ልጇ ዘፋኝ እንደነበረች የሰማችው ከቀብር በኋላ፣ ከመጋዘኑ ጠባቂ ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ እየዞረች ጠየቀች፤ ፎቶ አላት፣ ቀሚስ አላት፣ ድምፅ ግን የላትም። ሌላው ቀርቶ በልቧ የያዘችው ድምፅ እንኳ ከቀን ወደ ቀን እየራቃት ሄደ።

ታዲያ ጋሽ ሸክላ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ክምር ውስጥ አንዷን ቅጂ አገኘ። ስለ እሷ ከሻጩ ሰምቶ ቅዳሜ ሱቋ ድረስ ሄዶ ነገራት። አሁኑኑ ካልሰማሁ ብላ ተከተለችው፣ ደረጃው ላይ ተንበረከከችለት፤ እሱ ግን አቧራው ሳይጸዳ መርፌ ካሳረፈበት ለዘለዓለም እንደሚጎዳው አስረዳት። «ነገ ሸክላ ሊሰሙ ከሚመጡት ማኅበርተኞቼ በፊት ነይ፤ ብቻሽን ትሰሚያታለሽ» አላት። መጣች። ያገኘችው ይኼንን ነው።

ማኅበርተኞቹ ደግሞ ከደረጃው ሥር ቆመዋል፤ ሦስቱም ከረጢት በብብታቸው። ወጋቸው እንዲህ ነው፤ እሑድ እሑድ እያንዳንዱ ያገኘውን አንድ ሸክላ ሸፍኖ ያመጣል። ማንም ያልሰማው አዲስ ሙዚቃ፣ የሌላ ሰው ዘፈን በሌላ መንገድ መልሶ የተዘፈነበት፣ ወይም በጥቂት ቅጂ ብቻ ታትሞ የቀረ። ሸክላው እስኪያልቅ ድረስ ሽፋኑ አይታይም፤ ዓይን ጆሮን እንዳያታልል። ከዚያ በኋላ ነው ሽፋኑ የሚገለጠው፣ ክርክሩም የሚጀመረው። ከአንድ ዘፈን የተነሣ ለወር የተኳረፉበት ጊዜ አለ፤ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው እንዳይባል፣ ሁሉም ሥራ ያላቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የጥርስ ሐኪም ነው። በጥቂት ቅጂ የታተመ ሸክላ ሲያይ ካልገዛው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ከገዛው በኋላ ግን ላስቲኩን እንኳ አይከፍተውም። ጋሽ ሸክላ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ሁለተኛዋ ሽፋን የምትሠራ ሠዓሊ ናት፤ ለሽፋኑ ስትል ሙዚቃውን የምትታገሥ። ሦስተኛው የሬዲዮ ሰው ነው፤ ከድምፁ የተነሣ «ማር አፉ» ይሉታል። የጠዋት ፕሮግራሙ የሚከፈተው እኔ ነኝ የደረስኩት በሚለው ዜማ ነው፤ ጊታርና የሆነች ጠቅ ጠቅ የምትል ምት። ከተማው ፊቱን የሚታጠበው በዚያ ዜማ ነው፤ ማር አፉንም ዝነኛ ያደረገው ይኸው ዜማ ነው።

መርማሪዋ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሐኪሙ ስለ ሸክላው ቅዳሜ እንደሰማና ከራሱ መደርደሪያ ጋሽ ሸክላ የፈለገውን ሰጥቶ ሊለውጠው ለምኖ እንቢ እንደተባለ አልደበቀም። ሠዓሊዋ የጨርቁን ሽፋን አንዴ ለመዳሰስ ስትል ማልዳ ልትመጣ አስባ እንደነበር እያፈረች ተናገረች። ማር አፉ ግን ስለ ሸክላው የሰማሁት ገና አሁን፣ ደረጃው ሥር ነው አለ።

«ሸክላ የሚወድ ሰው ሽፋኑን ጥሎ አይሄድም» አለ ሐኪሙ። «ያለ ሽፋኑ ግማሽ ነው። የወሰደው ድምፁን ብቻ የፈለገ ሰው ነው።»

«እናት ናት፤ ምን ታድርግ?» አለ ማር አፉ በዚያ በሚያባብል ድምፁ። «እባካችሁ አትጨክኑባት።»

ምክትሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። መርማሪዋ ወደ ማጫወቻው ዞረችና ሐኪሙን እንዳለ እንዲያስነሣው ጠየቀችው። አስነሣው። ወዲያው፣ ገና ጣቱ ከማብሪያው ሳይነሣ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ሐኪሙ እንደ መደንገጥ አለ።

በዚህ ቤት ዘፈን እንዲህ ጀምሮ አያውቅም አለ። ጋሽ ሸክላ መርፌውን የሚያሳርፈው ከሸክላው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ያ ሽሽሽ የሚለው ዝምታ ይቆያል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ዝምታው የዘፈኑ ግማሽ ነው ይል ነበር። በቆመ ሸክላ ላይ መርፌ ማስቀመጥማ በእሱ ዘንድ ነውር ነው። ሠዓሊዋም እውነት ነው አለች። ማር አፉ ከረጢቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

ልብስ ሰፊዋን ሲወስዷት ባዶውን ሽፋን ሊቀሟት ሞከሩ፤ እንቢ አለች። መርማሪዋ ተዉላት አለች። ለማስረጃ ያስፈልጋል ቢባልም አልሰማችም፤ ሴትየዋ በፖሊስ ጣቢያው ወንበር ላይ ሽፋኑን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች።

የሟቹ እህት ከወንድሟ ክፍል ሥር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ በጣሪያዋ ላይ ሙዚቃ ሲንጋጋባት የኖረች ሴት ናት፤ እንደ ወንድሟ ካሉ ሰዎች ጋር ከመኖር ከወፍጮ ቤት ጎን መኖር ይሻላል ትላለች። አሁን ግን ጣሪያው ዝም ሲል አላስችል አላት፤ እያወራች ወደ ላይ ታያለች።

«ከመሞቱ በፊት ስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ማኅበርተኛ ሳይመጣ ቶሎ ና፤ በራስህ አፍ ንገራት፤ እኔ አላሳፍርህም፣ አለ። በኋላ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ያንን የጠዋቱን ዘፈን ከፈተ፤ የሬዲዮውን። ገረመኝ። ሁልጊዜ እዚያች ጋ ሲደርስ ይቆረጥ የለ? ዛሬ አልተቆረጠም። አንዲት ልጅ ገባችበት፣ ዘፈነች። እኔ ለሙዚቃ ጆሮ የለኝም፤ ግን ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋት። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ብዬ ወጣሁ። ምነው ቀርቼ ቢሆን።»

ምክትሉ የአሮጊት ጆሮ ብሎ ናቀው። መርማሪዋ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚለው ተረት ያደገች ናት፤ የሰማችውን ሁሉ ያዘች።

የልብስ ሰፊዋን ሱቅ ፈተሹ። ሸክላ የለም፤ ማጫወቻም የለም፤ ሴትየዋ ሸክላውን ብትሰርቅ በምን ልትሰማው እንደነበር ምክትሉን ግራ አጋባው። ጓዳ የምትመስል አንዲት ክፍል ከሱቁ በስተኋላ አለች፤ የልጅቷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ከመሐል በግድግዳ ፈንታ መጋረጃ ብቻ። መርማሪዋ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠችና እንደ ዋዛ መርገጫውን ረገጠችው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ቆይቶ አንዴ ተሰናከለ፤ እንደገና ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እንደገና ተሰናከለ። ጎንበስ ብላ አየችው። የመንኰራኩሩ ቀበቶ ተበጥሶ በወፍራም ክር ተጠግኗል፤ ጥገናው መንኰራኩሩን ባለፈ ቁጥር መኪናው ያነክሳል።

ማታ ሴትየዋን ስለ መኪናዋ ጠየቀቻት። ልጄ ቀይሪው እያለች ትነዘንዘኝ ነበር አለች፤ በኋላ ግን ተወችው፤ እንደውም ስትሠሪ ደስ ይለኛል፣ አታቁሚ ትለኝ ጀመር። «እኔ ስሠራ እሷ ጓዳ ትገባለች። መኪናው ሲጮኽ ምንም አልሰማም። ምን ትሠራ እንደነበር አላየሁም።» ቀጥሎ አንድ ነገር ለመነቻት፤ ነጻ እንድትወጣ አልነበረም። «ሸክላው ከተገኘ፣ ብትፈርዱብኝም ግድ የለም፣ አንዴ አሰሙኝ።» መርማሪዋ ምንም ቃል ሳትገባላት ወጣች፤ የማትፈጽመውን ቃል መግባት አትወድም።

ጠዋት ከቢሮዋ በር ላይ የዘበኛው ሬዲዮ እንደ ልማዱ ይጮኻል። የማር አፉ ዜማ። ጊታር፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ምቷ ተሰናከለች። መርማሪዋ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካች ቆመች። እንደገና ተሰናከለች። ከዚያ ዜማው አንዳች ነገር ሊገባ ሲል ተቆረጠና ማር አፉ እንደምን አደራችሁ አለ። ዘበኛው ምን ሆኑ ብሎ ጠየቃት።

ከዚያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። ማር አፉ በደስታ ተቀበላት፤ ስቱዲዮውን አስጎበኛት። ሸክላ እንዴት እንደሚያጫውት ስትጠይቀው አሳያት፤ መርፌውን ዘፈኑ ከሚጀምርበት ፈር ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ሸክላውን በጣቱ ትንሽ ወደ ኋላ መለሰው። ማብሪያውን ሲነካው ዘፈኑ ያለ አንዳች ዝምታ ፈነዳ። «ሬዲዮ ላይ ዝምታ ሞት ነው፤ አድማጭ ይሸሻል» አላት እየሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የከበዳት ሳቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጋሽ ሸክላ ክፍል ተሰበሰቡ። እህቲቱ፣ ሐኪሙ፣ ሠዓሊዋና ማር አፉ ከወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ሸክላ ወንበር ባዶ ነው። ልብስ ሰፊዋን ምክትሉ ይዟት ገባ። ሁለት ፖሊሶች ስፌት መኪናዋን ተሸክመው ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡና ከማጫወቻው ጎን አስቀመጡት። ሴትየዋ መኪናዋን ስታይ ልጇን ያገኘች ይመስል እጇን ጫነችበት።

«ጋሽ ሸክላ ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሰው ገፍቶት ነው። ከዚያ መሰላሏን ጣለ፤ ሌላ ሸክላም ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ፣ ሟቹ ሊያጫውት ሲል ወደቀ እንዲባል። ግን እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ይህ ሰው መርፌውን ከጠርዙ አላሳረፈውም። ከዘፈኑ አፍ ላይ አስቀመጠው፣ ሸክላውንም ወደ ኋላ መለሰው። ቤቱ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዝምታ የሚፈራ ሰው ነው የሚያደርገው።»

ሐኪሙ ወደ ማር አፉ ዞረ። ማር አፉ ፈገግ አለ፤ ይኼማ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው አለ።

«ይቻላል» አለች። «ሁለተኛው ነገር ስልኩ ነው። ጋሽ ሸክላ ሸክላውን አጽድቶ ሲሞክረው የሚያውቀውን ዜማ ሰማበትና ደወለ። በራስህ አፍ ንገራት ብሏል። ለሴትየዋ የሚነገር ነገር ያለው ሰው ተጠርቷል። መጥቶም ከሟቹ ጋር ሸክላውን ሰምቷል። እትዬ ከታች የሰሙት የእርስዎን ዜማ ነው፤ ግን ሳይቆረጥ ቀጥሎ ልጅቷ ስትዘፍንበት። ያ ዜማ በሸክላ ታትሞ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ ሐኪሙ፤ ቢታተም እኔ ዘንድ በኖረ ነበር ብሎ ሊጨምር አስቦ ተወው።

«እንግዲያስ የተጫወተው የልጅቷ ሸክላ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ይኼ ነው።» ምክትሏን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱ ይዞት የመጣውን መቅጃ ከፈተ፤ የጠዋቱ ዜማ ክፍሉን ሞላው። «እናቴ፣ ይርገጡት።»

ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ ረገጠች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ መሰናከል። መቅጃውም ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ መሰናከል። ሁለቱ አንድ ሆኑ። ሠዓሊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ዜማው ሊገባ የነበረው ነገር ሳይገባ ተቆረጠ፤ ስፌት መኪናው ብቻውን ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«እርስዎ የደረሱት ዜማ ውስጥ የዚህች ሴት የተጠገነ ቀበቶ አለ» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ስትቀዳ እናቷ እየሰፋች ነበር። የቀዳችበትን ካሴት ወደ እርስዎ አመጣች፤ አድማጭ እንድታገኝ። እርስዎ መግቢያውን ወሰዱ፣ ድምጿ ከመግባቱ በፊት ቆረጡት። ሞተች፣ ጎርፉም ሸክላዎቹን በላ፤ የቀረ ምስክር አልነበረም። ጋሽ ሸክላ አንዱን እስኪያገኝ። እሑድ ሁሉም ሊሰማው ነበር። ያን ዕለት እሱን ገፍተው ጥለው ሸክላውን ወሰዱ፤ ሽፋኑን ግን ተዉት። ሸክላ የሚወድ ሰው ሽፋን እንደማይተው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሸክላው መጥፋት ቢነቃበት እንኳ ጥፋቱ የእናትየዋ እንዲመስል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።»

ማር አፉ መቅጃውን አየ፤ ስፌት መኪናውን አየ። ዝምታ የሚፈራ ሰው ነውና ክፍሉ ዝም ሲል አልቻለበትም።

«ልገድለው አልፈለግሁም» አለ። «ሸክላውን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ለእናቲቱ ተናገር፣ ከዚያ ሁሉም ይረሳል አለኝ። ማን ይረሳል? ያለ ዜማው እኔ ምንድን ነኝ? ታገልን። ወደቀ።»

«ሸክላውስ?» አለ ሐኪሙ ከሁሉ ቀድሞ። «አልሰበርከውም አይደል? አንተ ሸክላ አትሰብርም።»

«ሰባብሬ ወንዝ ጨመርኩት። ካሴቱንም ያኔውኑ አቃጥዬዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። የያዘችውን ሽፋን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በመዳፏ ደጋግማ አለሰለሰችው። ነጻ መውጣቷን ምክትሉ በጆሮዋ ቢነግራትም የሰማችው አይመስልም። የሟቹ እህት አጠገቧ መጥታ ቆመች። ነገሩ ሁሉ ተፈትቶ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ደስ ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ መርማሪዋም ብትሆን ደስ አላላትም።

ምክትሉ ካቴናውን አወጣ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች፤ ገዳዩን አየችው።

«አንተ ሰምተሃታል» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

«ከሰሟት ውስጥ ዘፈኑን የያዘ አንተ ነህ። ዝፈንልኝ።»

«እኔ... አይሆንም፣ እትዬ። እንዴት አድርጌ?»

«እሷ እንዳለችው አድርገህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አልረግምህም። ዝፈንልኝ ብቻ።»

ምክትሉ መርማሪዋን አያት። እሷ ካቴናውን በእጇ ዝቅ አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ወደ መርገጫው መለሰችና ረገጠች፤ መኪናው ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። አነከሰ። እንደገና አነከሰ። ሁልጊዜ የሚቆረጥበት ቦታ ደረሰ። ማር አፉ አፉን ከፈተ፤ ያ የታወቀ ድምፁ የለም፤ የተሰነጠቀ፣ የማንም ሰው ድምፅ ነው የወጣው።

«አታቁሚ፣ እማ፣ አታቁሚ፣
ገና አልጨረስኩም፣ ስፊ...»

እዚያ ላይ ከበደው፤ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ግን አላቆመችም። እንባዋ መንኰራኩሩ ላይ እየወረደ መርገጧን ቀጠለች፤ ቀበቶው ጥገናው ጋ ሲደርስ ይሰናከላል፣ ይቀጥላል። እሱም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረላት።